በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ምስሎችና የሠሪዎቻቸው ጥበብ



የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ በእጁ የሠራው ነገር ሕይወት እንዳለው ሆኖ ሲንቀሳቀስ ለማየት ይመኛል። ሕፃን ልጅ ከጭቃ በሬ ሠርቶ፤ ከአገዳ ቀንበር አበጅቶ፤ «ሂድ» እያለ ይነዳዋል። በሬው ግን አይሄድም፤ የሚሄደው የልጁ እጅ ነው። ይህ የሕፃን ምኞት በብልሃተኞች ልብ ውስጥ ባደረ ጊዜ አንድ ታላቅ የእጅ ጥበብ ተወለደ። ይኸውም ማንም ሳይነካው የሚጽፍ፤ የሚሥል፤ ዋሽንት የሚነፋ፤ ሻይ ተሸክሞ ለእንግዳ የሚያቀርብ ምስል የመሥራት ጥበብ ነው። እንዲህ ያለውን ምስል የኤውሮፓ ሰዎች ከጽርዕ ቋንቋ በተወሰደ ቃል አውቶማት ይሉታል፤ ትርጓሜውም በገዛ ራሱ የሚንቀሳቀስ ማለት ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የልጆች መጫወቻ ይመስላል። ነገር ግን ለሚያስተምር ሰው ትልቅ ቁም ነገር አለበት። ሰው የሚያስደንቅ ነገር ባየ ጊዜ ሦስት መንገዶች በፊቱ ይቀርባሉ። አንደኛው፤ «ይህ የመንፈስ ሥራ ነው» ብሎ መሸሽ ነው። ሁለተኛው፤ የተነገረውን ሁሉ ተቀብሎ መታለል ነው። ሦስተኛው ግን፤ «ይህ እንዴት ሆነ?» ብሎ መጠየቅና ውስጡን ከፍቶ መመርመር ነው። ከሦስቱ የሚሻለው የትኛው እንደ ሆነ የአውቶማት ታሪክ በግልጽ ያስረዳል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ይህ ጥበብ ተጽፎ ከተገኘባቸው ከጥንታውያን ከተሞች አንዲቱ እስክንድርያ ናት። በዚች ከተማ በ1ኛው መቶ ዓመት ሄሮን የሚባል የልኬትና የብልሃት ሊቅ ይኖር ነበር። ሄሮን ከጻፋቸው ብልሃቶች አንዱ፤ ካህነ ጣዖቱ በመሠዊያው ላይ እሳት ባነደደ ጊዜ ማንም ሳይነካቸው የሚከፈቱ የመቅደስ ደጆች ናቸው። ቆሞ ለሚመለከተው ሕዝብ ደጆቹን አማልክት የከፈቷቸው ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ከወለሉ በታች ነው። እሳቱ በመሠዊያው ውስጥ የታፈነውን አየር ያሞቀዋል፤ አየርም ሲሞቅ ስለሚሰፋ ከበታቹ ባለው ዕቃ ውስጥ ያለውን ውሃ ይገፋዋል፤ ውሃውም በቧንቧ አልፎ በገመድ ወደ ተንጠለጠለ ባልዲ ይፈስሳል፤ ባልዲው ሲከብድ ይወርዳል፤ ገመዱም በደጆቹ ምሰሶዎች ላይ የተጠመጠመ ስለ ሆነ ያዞራቸዋል፤ ደጆቹም ይከፈታሉ። እሳቱ በጠፋ ጊዜ አየሩ ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፤ ውሃው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ባልዲው ይቀልላል፤ በሌላው ወገን የተንጠለጠለው ክብደትም ደጆቹን መልሶ ይዘጋቸዋል።

ሄሮን ይህን ሁሉ ሠውሮ አላስቀረውም፤ በመጽሐፍ ጻፈው እንጂ። ስለዚህ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ከደጁ መከፈት የተነሣ አይደነግጥም፤ እሳትን፤ አየርንና ውሃን እንደ ሦስት ታዛዥ ሠራተኞች አስተባብሮ ባሠራው አእምሮ ግን ይደነቃል። ድንጋጤው ጠፋ፤ አድናቆቱ ግን ጨመረ።

ከሄሮን ብዙ ዘመን በኋላ ይህ ዕውቀት በእስላሞች አገሮች ተጠብቆና አድጎ ተገኘ። በጤግሮስ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዲያርባክር ለነበሩ ገዥዎች ያገለግል የነበረ አል ጀዘሪ የሚባል ብልሃተኛ በ1206 ዓ.ም. ስለ ልዩ ልዩ መኪናዎች የጻፈውን መጽሐፍ ፈጸመ። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሥራዎች እጅግ የታወቀው የዝሆን ሰዓት ነው። በዝሆኑ ምስል ሆድ ውስጥ ውሃ የሞላበት ገንዳ አለ። በውሃውም ላይ ከሥሯ ትንሽ ቀዳዳ ያላት ጣሳ ትንሳፈፋለች። ውሃው በቀዳዳዋ ቀስ በቀስ እየገባ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ጣሳዋ ትሰጥማለች፤ ስትሰጥምም ገመድ ትስባለች። በዚህ ጊዜ ከላይ ካለው ሰገነት አንድ ኳስ ይለቀቅና በዘንዶ ምስል አፍ ውስጥ ይወድቃል። ዘንዶው በኳሱ ክብደት ሲያጐነብስ የሰጠመችውን ጣሳ መልሶ ወደ ላይ ያወጣታል፤ ሥራውም እንደ ገና ይጀመራል። እንግዲህ ሰው ሳይነካው የሚሠራው የዚህ ሰዓት ምስጢር ሌላ አይደለም፤ የአንዱ ሥራ ፍጻሜ ለሌላው ሥራ መጀመሪያ እንዲሆን አስቀድሞ መታሰቡ ነው። አል ጀዘሪም የየክፍሉን ሥዕልና መጠን ጽፎ የተወው ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሠራተኛ እንዲሠራው ብሎ ነው።

በኤውሮፓ አገር ደግሞ የሰዓት ሥራ እየተሻሻለ ሲሄድ ብልሃተኞች በክብደት፤ በሞላና በጥርሳም መንኰራኵር ተጠቀሙ። ሞላ ማለት ተጠቅልሎ ሲታሰር ጕልበት የሚያጠራቅም፤ ቀስ በቀስ ሲፈታም ያን ጕልበት መልሶ የሚሰጥ ስስ ብረት ነው። በዚህ መሣሪያ ከሠሩት ሰዎች መካከል በ1709 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ የተወለደው ዣክ ደ ቮካንሶን ስሙ የገነነ ነው። ቮካንሶን በ1738 ዓ.ም. ዋሽንት የሚነፋ ሰው ምስል ሠርቶ ለፓሪስ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር አቀረበ። ምስሉ 12 ዜማዎችን ይነፋ ነበር። ድምፁ የሚወጣው ከተሠወረ ሌላ መሣሪያ አልነበረም፤ ራሱ ዋሽንቱ ይነፋ ነበር እንጂ። በውስጡ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ያሉ 9 ወናፎች በሦስት ወገን ተከፍለው አንዱ ወገን ለስላሳ፤ ሁለተኛው መካከለኛ፤ ሦስተኛው ብርቱ ነፋስ ይሰጡ ነበር። ከንፈሮቹ ይጠብባሉ፤ ይሰፋሉም፤ ምላሱ ነፋሱን ይለቃል፤ ይከለክላልም፤ ጣቶቹም በዋሽንቱ ቀዳዳዎች ላይ ይነሣሉ፤ ይወድቃሉ። ይህን ለመሥራት ቮካንሶን አስቀድሞ ሰው ዋሽንት ሲነፋ ትንፋሹንና ከንፈሩን እንዴት እንደሚያደርግ አጥብቆ መርምሮ ነበር። ስለዚህ ምስሉ ያስተማረው ስለ መኪና ብቻ አይደለም፤ ስለ ሕያው ሰውም ጭምር ነው።

በ1739 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ሰው ከመዳብ የተሠራ ዳክዬ አሳየ። ዳክዬዋ ክንፏን ታራግብ፤ ውሃ ትጠጣ፤ እህል ከሰው እጅ ትለቅም፤ በኋላም ኵስ ትጥል ነበር። በአንዱ ክንፏ ብቻ ከ400 በላይ ክፍሎች እንደ ነበሩ ይነገራል። ነገር ግን ቮካንሶን የበላችው እህል በሆዷ እንደሚሟሟ ይናገር ነበር፤ ይህም እውነት አልነበረም። በኋላ በተመረመረ ጊዜ እህሉ በአንድ ስፍራ ተጠራቅሞ እንደሚቀር፤ የሚወጣው ነገርም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በሌላ ስፍራ የተቀመጠ እንደ ሆነ ታወቀ። እነሆ በአንዲት ዳክዬ ውስጥ ጥበብና ማታለል አብረው ተገኙ። ክንፏ ዛሬም ሲነገር ያስመሰግነዋል፤ ሆዷ ግን ዛሬም ሲነገር ያሳፍረዋል።

ከዚህ በኋላ የመጡት የስዊስ አገር ሰዓት ሠሪዎች ይህን ጥበብ ወደ ከፍተኛ ደረጃ አደረሱት። ፒየር ዣኬ ድሮ፤ ልጁ አንሪ ሉዊና ዣን ፍሬደሪክ ሌሾ ከ1768 እስከ 1774 ዓ.ም. ድረስ ሦስት ምስሎችን ሠሩ። አንደኛው የሚጽፍ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው የሚሥል ልጅ ነው፤ ሦስተኛዋ ሙዚቃ የምትጫወት ሴት ናት። በሚጽፈው ልጅ ውስጥ 6000 ያህል፤ በሚሥለው 2000 ያህል፤ በሙዚቀኛዪቱ ደግሞ 2500 ያህል ክፍሎች አሉ። ሙዚቀኛዪቱ በጣቶቿ የመሣሪያዋን ቍልፎች በእውነት ትጫናለች፤ ደረቷም እንደሚተነፍስ ሰው ከፍ ዝቅ ይላል። የሚሥለው ልጅ በወረቀቱ ላይ የቀረውን የእርሳስ ብናኝ እፍ ብሎ ያባርራል። የሚጽፈው ልጅ የዝይ ላባ ብዕሩን በቀለም ቀንድ ይነክራል፤ ቀለሙ እንዳይንጠባጠብ ያራግፈዋል፤ ዐይኖቹም የሚጻፈውን ይከተላሉ። ሦስቱም ከ200 ዓመት በላይ አልፏቸው በኔሻቴል ከተማ ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛሉ፤ እስከ ዛሬም ይሠራሉ።

ይህ ልጅ እንዴት ይጽፋል? ምስጢሩ በጀርባው ውስጥ ነው። በዚያ ከብረት የተቈረጡ ብዙ ስስ ክቦች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው በአንድ ምሰሶ ላይ ይዞራሉ። የእነዚህ ክቦች ጠርዝ ልሙጥ አይደለም፤ አንዱ ስፍራ ወጣ፤ ሌላው ስፍራ ገባ ያለ ነው። በጠርዙ ላይ አንድ ዘንግ ጫፉን አሳርፏል። ተራራና ሸለቆ በበዛበት አገር የሚሄድ መንገደኛ አንድ ጊዜ ዳገት ይወጣል፤ አንድ ጊዜ ቍልቍለት ይወርዳል፤ መውጣቱና መውረዱም ከፈቃዱ ሳይሆን ከአገሩ አቀማመጥ የተነሣ ነው። በዚህም ሥራ የክቡ ጠርዝ እንደ አገሩ፤ ዘንጉም እንደ መንገደኛው ነው። ክቡ ሲዞር ዘንጉ ይገፋል፤ ይመለሳልም፤ ዘንጉ ከክንዱ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ክንዱ ይታዘዘዋል። ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ክቦች ተመድበዋል። አንደኛው እጁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሳል፤ ሦስተኛው ብዕሩን ከወረቀቱ ያነሣል፤ ያሳርፋልም። ሦስቱ በተባበሩ ጊዜ ፊደሉ ወፈር ቀጠን እያለ ይጻፋል።

ከዚህም የሚበልጥ ብልሃት አለ። ከክቦቹ በታች 40 ስፍራዎች ያሉት አንድ መንኰራኵር ተሠርቷል። በየስፍራው የሚገባው ጥርስ የክቦቹን ድርድር ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚያደርግ ይወስናል፤ በዚህም የትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ይታዘዛል። ጥርሶቹ ሲለወጡ ጽሑፉም ይለወጣል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ለልጁ አንድ ቃል ብቻ ሰጥተው አልተዉትም፤ እስከ 40 ምልክት የሚደርስ ማናቸውንም ቃል ሊያጽፉት ይችላሉ። ልጁ ግን ከጻፈው ሁሉ አንዲት ፊደል እንኳ አያውቅም። ዕውቀቱ በእጁ ሳይሆን ክቦቹን አስቦ በሞረዳቸው ሰው ዘንድ ነው።

በሩቅ ምሥራቅም በጃፓን አገር ሰዎች እንዲሁ ያለ ጥበብ ነበራቸው። ሻይ የሚያቀርበው አሻንጉሊት ፍንጃል በእጁ ሲቀመጥለት ወደ እንግዳው ይሄዳል፤ እንግዳው ፍንጃሉን ሲያነሣ ይቆማል፤ ባዶውን ሲመልስለት ዞሮ ወደ መጣበት ይመለሳል። የፍንጃሉ ክብደት መንኰራኵሩን የሚያስርና የሚፈታ ቍልፍ ሆኖ ተሠርቷል። ሞላው የሚሠራው በዓሣ ነባሪ አፍ ውስጥ ከሚገኘው ተጣጣፊ ነገር ነበር። ሆሶካዋ ሃንዞ የሚባል ሰውም በ1796 ዓ.ም. የዚህን አሻንጉሊት አሠራር ከነሥዕሉ በመጽሐፍ አሳትሞ ለሁሉ ገለጠው።

እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ለመግለጥ አልፈሩም። ከዚህ የተለየ ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ። በ1770 ዓ.ም. ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፔለን የተባለ የሀንጋሪ ሰው በቪየና ከተማ በንግሥት ማርያ ቴሬዛ ፊት የቱርክ ልብስ የለበሰ፤ በትልቅ ሣጥን አጠገብ የተቀመጠ፤ ሰንጠረዥ የሚጫወት ምስል አቀረበ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሣጥኑ በሮች አንዱ ከሌላው በኋላ ይከፈታሉ፤ ተመልካቾችም ጥርሳም መንኰራኵሮችን ያያሉ። ከዚያም ምስሉ ከታወቁ ተጫዋቾች ጋር ገጥሞ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፍ ነበር። በ1809 ዓ.ም. ናፖሌዎን ራሱ ከዚህ ምስል ጋር ተጫውቷል። ነገሩ ግን ማታለል ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው ተደብቆ ነበርና። አንዱ በር ሲከፈት ሰውየው በተንሸራታች ወንበር ወደ ሌላው ወገን ይሸሽ ነበር፤ ሲዘጋም ይመለሳል፤ በሻማም ብርሃን ይጫወታል። ይህ ምስል በመጨረሻ በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ በ1854 ዓ.ም. በእሳት ተቃጠለ፤ ምስጢሩም በ1857 ዓ.ም. በጽሑፍ ታትሞ ወጣ።

በዚያችው በፊላደልፊያ ከተማ በ1928 ዓ.ም. የፍራንክሊን ኢንስቲትዩት የሚባለው የሳይንስ ቤት አንድ የተሰባበረ የነሐስ መኪና በስጦታ ተቀበለ። ማን እንደ ሠራው በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። የቤቱ ሠራተኛ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየጠገነ ከገጠመው በኋላ ሞላውን ጠምዝዞ ለቀቀው። ምስሉም አንገቱን ደፍቶ ሥዕሎችን ሣለ፤ ግጥሞችንም ጻፈ። ከግጥሞቹም በአንዱ ጠርዝ ላይ በፈረንሳይ ቋንቋ የማያርዴ አውቶማት እንደ ጻፈው የሚገልጥ ቃል አስፍሮ ተገኘ። አንሪ ማያርዴ በ1800 ዓ.ም. ገደማ በሎንዶን ይሠራ የነበረ የስዊስ ሰው ነው። ሠሪው ከሞተ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ስሙ ከነሐስ ክቦቹ ጠርዝ ተነሥቶ በወረቀት ላይ ተጻፈ።

እንግዲህ በአንዲት ከተማ የሆኑትን እነዚህን ሁለት ነገሮች አስተያይቶ መመልከት ይገባል። ሰንጠረዥ ተጫዋቹ ምስጢሩ በተገለጠ ጊዜ ክብሩ ጠፋ። የማያርዴ ምስል ግን በተከፈተና በተመረመረ ጊዜ ክብሩ ጨመረ፤ የሠሪውም ስም ከመረሳት ዳነ። ቅኔ ለሚያውቁ ሽማግሎች ነገሩ አዲስ አይደለም። የምስሉ ፊትና ልብስ ሰሙ ነው፤ በውስጡ የተሠራው ሥራ ወርቁ ነው። ወርቅ ያለው ቅኔ በተፈታ ቍጥር ይጣፍጣል፤ ወርቅ የሌለው ግን ሲፈታ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ እውነተኛ ጥበብ መመርመርን አይፈራም፤ መመርመርን የሚፈራው ማታለል ነው።

ምናልባት አንድ ሽማግሌ፤ «ይህ ሁሉ ድካም ለጨዋታ ብቻ ከሆነ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ ጥያቄውም የተገባ ነው። ዳክዬዋን የሠራው ቮካንሶን በ1741 ዓ.ም. የፈረንሳይ የሐር ሥራ ተቈጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። በ1745 ዓ.ም. በአውቶማት የተማረውን ብልሃት ወደ ሸማኔ ዕቃ አዛውሮ ጥለቱን በተበሳ ነገር ምልክትነት የሚያወጣ መሸመኛ ሠራ። ሸማኔ የትኛውን ድር አንሥቶ የትኛውን እንደሚተው በልቡ ይዞ ይሠራል፤ በዚህ መኪና ግን የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ይህን ይወስን ነበር። መሸመኛው በዘመኑ ብዙ አልተሠራበትም፤ ዮሴፍ ማሪ ዣካር ግን ይህን ሥራ ተመልክቶ በ1804 ዓ.ም. የተሻሻለ መሸመኛ አወጣ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራ ጊዜ በተበሱ ካርዶች የሚሠራ መቍጠሪያ መኪና አገልግሏል። ትእዛዝን አስቀድሞ በአንድ ነገር ላይ ቀርጾ መኪና እንዲፈጽመው ማድረግ የዛሬው ኮምፒዩተር ከእነዚህ አሮጌ ሥራዎች ጋር የሚዛመድበት ሐሳብ ነው። ስለዚህ ከጨዋታ የተጀመረው ነገር ወደ ልብስና ወደ ሒሳብ ደረሰ።

ይህን ለተማሪዎች ለማሳየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። መምህሩ ከቀላል እንጨት ወይም ከወፍራም ካርቶን አንድ ክብ ይቈርጣል፤ ቀዳዳውን ግን በመካከሉ ሳይሆን ወደ አንድ ወገን አድርጎ ይበሳዋል። በቀዳዳው ቀጥ ያለ በትር አጥብቆ ይሰካና በሁለት ወገን በተበሳ ሣጥን ውስጥ ያጋድመዋል፤ የበትሩም አንድ ጫፍ በጣት ለማዞር እንዲመች ወደ ውጭ ይወጣል። በሣጥኑ ክዳን ላይ ባለች ቀዳዳ ቀጭን ሸንበቆ ቍልቍል ይገባና ጫፉን በክቡ ጠርዝ ላይ ያሳርፋል፤ በላይኛው ጫፉ ላይ የወፍ ሥዕል ይለጠፋል። በትሩ ሲዞር ወፉ ከፍ ዝቅ ይላል።

በመጀመሪያ ሣጥኑ በጨርቅ ይሸፈን፤ ተማሪዎቹም ወፉን ብቻ እያዩ ከውስጥ ያለውን ነገር ይገምቱ፤ ግምታቸውም በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ይነሣና ማን ወደ እውነት እንደ ቀረበ ይታይ። በመጨረሻም መምህሩ፤ «በትሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ወፉ ሁለት ጊዜ እንዲነሣ ክቡ እንዴት ሆኖ ይቈረጥ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ በሁለት ወገን ያበጠ ክብ ነው፤ ነገር ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው ቈርጠውና ሞክረው እስኪያገኙት ድረስ መምህሩ አይንገራቸው። ክቡን በገዛ እጁ የቈረጠ ተማሪ ከአሻንጉሊቱ ወገን ወጥቶ ከሠሪው ወገን ገብቷል።

የዚህ ንግግር ዋና ፍሬ ነገርም ይህ ነው። የዣኬ ድሮ ልጅ ያለ ስሕተት ይጽፋል፤ ግን የጻፈውን አያውቅም። በትምህርት ቤትም የተነገረውን በቃሉ ይዞ ያለ ስሕተት የሚደግም፤ ትርጕሙን በተጠየቀ ጊዜ ግን ዝም የሚል ተማሪ ይገኛል። በቃል ማጥናት የሚነቀፍ አይደለም፤ የአባቶች ትምህርት በቃል ተጠብቆ የመጣ ነውና። ነገር ግን አባቶች ራሳቸው በንባብ አልቆሙም፤ ከንባብ በኋላ ትርጓሜን አኖሩ። ስለዚህ መምህር ተማሪው መልስ በሰጠው ጊዜ ሁሉ፤ «ምክንያቱስ ምንድን ነው?» ብሎ ይጨምር፤ ሽማግሌም በቤቱ ልጁ ሲጠይቀው ዝም በል አይበለው። የነሐስ ምስል ሺህ ጊዜ ቢጽፍ ከተቀረጸለት ቃል አያልፍም፤ ምክንያቱን የተማረ ልጅ ግን መምህሩ ካላስተማረው ነገር ሊደርስ ይችላል።